ጎረቤት የሌለውን ማን ይጠብቀዋል?

ርእሰ አንቀጽ

በዩኒቨርሲቲያችን የክርክር መድረክ ላይ ስለ ሃይማኖት ነፃነት በተነሣ ቁጥር አንድ ተናጋሪ ይቆምና «ወሎን ተመልከቱ» ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። (ከወሎ ቀጥሎ የሚጠራው ነጃሺ ነው፤ እርሱ ከተጠራ በኋላ ደግሞ የሚናገር ሰው አይገኝም።) ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች መካከል የራያ ቆላ ልጆች ያለን ስለ ሆነ ምስጋናውን ስለ አገራችን ተቀብለናል። ነገር ግን ምስጋና የጥያቄ መሸፈኛ ሲሆን ዝም ብሎ ማለፍ ለተማሪ የማይገባ ስለ መሰለን፣ ስለ ቆቦና ስለ አካባቢው የምናውቀውን መነሻ አድርገን አንድ ነገር ለማንሣት ወደናል። ይኸውም ደግ ልማድ አንድ ነገር ነው፣ የታወቀ መብት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን የማያውቅ ዜጋ በመጀመሪያው ብቻ ተማምኖ ሊኖር አይችልም የሚል ነው።

አስቀድመን ምስጋናው እውነት መሆኑን እንመስክር። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው፣ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣውን ደጋ እያየ ማሽላና ጤፍ በሚዘራበት ሜዳ ያልፋል። በዚህ ሜዳ ሠርግ ሲደገስ፣ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ከብት የሚያርድለት ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራል፤ ድስቱም ማዕዱም ይለያል። ሙስሊሙ ደጋሽም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ከሩቅ መጥቶ የሚያይ ሰው «በአንድ ማዕድ እንኳ አይቀርቡም» ብሎ ያዝን ይሆናል። እኛ ነገሩን በሌላ ዓይን እናየዋለን፤ አንድ ድሀ ገበሬ የጎረቤቱን እምነት ለማክበር ሲል አንድ ተጨማሪ ከብት ከበረቱ አውጥቶ ማረዱ ቀላል ግብር አይደለም።

ሰው ሲሞት ቅሬው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይወጣል፤ መቃብሩ ለየብቻ ነው እንጂ ቃሬዛውን የሚሸከመው ትከሻ የጋራ ነው። ዝናብ ሲቀር ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ይቀመጣል። ደም ሲፈስ ደግሞ በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ፤ ከዚያ በስተ ደቡብ በየጁና በአምባሰል በኩል አበጋር የሚባል አለ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሟች ወገን መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይመላለሳሉ፤ በመጨረሻም ጉማው ተቈርጦ ሙስሊሙ በቁርኣን፣ ክርስቲያኑ በመስቀል ምሎ ደሙ ይደርቃል። ገዳይ ከአንዱ ሃይማኖት፣ ሟች ከሌላው በሆኑ ጊዜ ነገሩ የሁለት ቤተ ሰብ ጠብ ሆኖ እንዲቀርና የሃይማኖት ጠብ እንዳይሆን የሚያደርገው ሼኹና ቄሱ በአንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ነው። አንድ የሕግ ተማሪ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «ታዲያ ፍርድ ቤት ለምን አስፈለገ?» ብሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባለ ጉዳዮቹ ሁለቱም ሲስማሙ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ መንገድ የከፈተው ለግልና ለቤተ ሰብ ክርክር ነው። የነፍስ ግድያ ከዚህ ውጭ ስለ ሆነ ዕርቁ ቂምን ያበርዳል እንጂ በሕግ በኩል ክሱን አያስቀርም።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ልማድ የሚጠብቀው የሚያውቀውን ሰው ነው። ከብት የሚታረድለት እንግዳ አባቱ የታወቀ፣ ቅሬ የገባ፣ ነገ እርሱም ደግሶ የሚጠራ ሰው ነው። ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ በጦርነት ተፈናቅሎ የመጣው ቤተ ሰብ፣ ከአባቱ ሃይማኖት ወጥቶ ሌላ የያዘው ጎረምሳ፣ ወይም ቊጥሩ እጅግ ያነሰ የእምነት ማኅበር አባል የሆነው ሰው ግን በየትኛው ማዕድ ይቀመጣል?

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በአማራ ክልል ከመቶ 82.5 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 17.2 ያህሉ ሙስሊም ሲሆን ወንጌላዊው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.2 ነበር። በመላ አገሪቱ ግን ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ወንጌላዊው 18.6 ነበር። እነዚህን ቊጥሮች ጐን ለጐን አስቀምጦ የሚያያቸው ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ በአንድ ስፍራ ብዙ የሆነው በሌላው ስፍራ ጥቂት ነው። በቆቦ ያነሰው ሙስሊም በቃሉ ይበዛል፤ በቆቦ የሌለ የሚመስለው ወንጌላዊ በወላይታ ይበዛል። የቆቦው ልጅ በዩኒቨርሲቲ ምደባ ወላይታ ሶዶ ቢደርሰው፣ የወላይታው ልጅ ወልድያ ቢደርሰው፣ ሁለቱም በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ከብዙኃን ወደ ጥቂቶች ይዛወራሉ። ያን ጊዜ የአባታቸው ቅሬ አብሯቸው አይሄድም።

«የእኛ አገር ሰው ግን ማንንም አይጎዳም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ለቀብር የወጡ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ በዚያው ሳምንት በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የሞጣን ወይም የጎንደርን ወይም የወራቤን ሽማግሌ ከዚያ ቀን በፊት ብትጠይቁት «እኛ ተዋደን ነው የምንኖር» ይላችሁ ነበር፤ አልዋሸምም። ሆኖም ልማዱ የሚሠራው ሽማግሌው ከጎረምሳው ቀድሞ ከስፍራው ሲደርስ ነው።

ልማዱ ከላይ በመጣ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደ ተሰበረም የወሎ ታሪክ ይመሰክራል። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦር በዛሬው ወሎ ምድር መካነ ሥላሴን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን አቃጥሏል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼኽ ጠልሐ ጃዕፈርና ተከታዮቻቸው እንቢ ብለው ተዋጉ። ከተራው ሕዝብ ብዙው በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት እስላም ሆኖ ከረመ። ከአርባ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ የእኒሁ የሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ፤ በወሩ በሰገሌ ጦርነት ብዙ የወሎ ሰው አለቀ። አባት ሃይማኖት በመለወጣቸው ተሾሙ፤ ልጅ ለውጠዋል በመባላቸው ተሻሩ። በሁለቱም ጊዜ የገበሬው ፈቃድ አልተጠየቀም፤ እርሱ በሰገሌ ሜዳ ቀረ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ዘመናዊ ሕግ መጣ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ ሲያጸድቅ ድምፅ ከሰጡት አንዷ ነበረች፤ የመግለጫው አንቀጽ 18 የሃይማኖት ነፃነትን የሚደነግግ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የሃይማኖት ሥርዓት በሕግ መሠረት ሲፈጸም እንዳይከለከል አዘዘ። ያው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 126 ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ድጋፍ ደነገገላት። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው የዚያ ዘመን ቃል ዛሬም በፍቅር ይጠቀሳል፤ ቃሉ መልካም ነው፤ ሕጉ ግን ቃሉን አይመስልም ነበር። ሙስሊሙ በመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባል እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ባለ ቤት እንጂ እንግዳ ያልሆነ ሕዝብ «የሚኖሩ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ የአማርኛ መምህሮቻችን ቢያብራሩልን ደስ ይለናል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እስከ መቶ ሺህ የተገመተ ሰው ሰልፍ ወጥቶ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፤ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ አለ። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ተሰልፈዋል። የተማሪ ማኅበራችን የሚኮራባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፤ ይህ ቀን ግን ከሌሎቹ ይልቅ የተረሳ ይመስለናል። ምናልባት የተረሳው አንድ ሰው ለራሱ ሃይማኖት ሳይሆን ለሌላው ሃይማኖት የወጣበት ስለ ነበረ ይሆናል።

በ1967 ዓ.ም. የሙስሊም በዓላት ሕዝባዊ በዓላት ሆኑ። ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም በዓል መስጠት ነፃነት መስጠት እንዳልነበረ ቈይቶ ታየ፤ ይኸው መንግሥት ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ፤ በ1971 ዓ.ም. ክረምትም እርሳቸውና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝና የመቀበል፣ ለብቻም ሆነ ከሌሎች ጋር የማምለክና የማስተማር መብት እንዳለው፣ በኃይል መገደድ እንደሌለበት፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ገደቡንም አስቀምጧል፤ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራልና የሌሎች ሰዎች መብት፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑ በሕግ ሲጠበቅ መብቱ ሊወሰን ይችላል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ታዟል። ይህን ሁሉ ለማንበብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

አሁን የምንጽፈው ነገር አንዳንድ አንባቢ ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ግን መባል አለበት። በጥር 2004 ዓ.ም. በአወልያ የተጀመረው የሙስሊሞች ጥያቄ መንግሥት በመጅሊሳችንና በትምህርታችን አይግባብን የሚል ነበር። መፍትሔ አፈላላጊ ተብለው የተመረጡት ሰዎች በሐምሌ ወር ታሰሩ፤ በ1ፀረ ሽብር ሕግ ተከሰው በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በዚያን ጊዜ ብዙው ክርስቲያን ተማሪ «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የጳጳሳት ሹመት ተደረገ፤ ሲኖዶሱ መንግሥት ጣልቃ ገብቷል ብሎ አቤት አለ፤ ምእመናኑም በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰው ወጡ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ብዙው ሙስሊም ተማሪ «የእነርሱ ጉዳይ ነው» አለ። ሁለቱም ወገን የተደገፈው በአንድ አንቀጽ ላይ ነበር፤ በአንቀጽ 11። ሁለቱም ግን በየተራቸው ብቻ አነበቡት። ሌላው በተበደለበት ቀን ያልተነሣ አንቀጽ በእኛ ቀን ስንጠራው ድምፁ ቢሰልል ሊያስደንቀን አይገባም።

ወደ ቆላችን እንመለስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። እንግዲህ በአንዲት ከተማ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጸሎት ቤት ወይም መቃብር የሚሆን ቦታ የሚገኘው በማዘጋጃ ቤት በኩል ነው። የሃይማኖት ነፃነት የሚባለው ትልቅ ነገር በመጨረሻ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ የመሬት ሹም ብዕር ሥር ያርፋል ማለት ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በአንዲት የቆላ ከተማ ሃያ ያህል ወንጌላውያን ቤተ ሰቦች አሉ እንበል፤ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለምእመናኑ ነው፤ የሙስሊሙም መቃብር ለሙስሊሙ ነው፤ ማንም በግድ «ክፈቱ» ሊላቸው አይገባም። ሹሙ ግን «ለእናንተ የተከለለ ቦታ የለም» አለ። ሬሳው በቤት አደረ። ጎረቤት ደግ ነው፤ ያለቅሳል፤ ቡና ያፈላል፤ ቃሬዛም ይሸከማል። ወዴት ይሸከመው? በዚህች ሌሊት የሚያስፈልገው ደግ ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ «ይህ የቸርነት ነገር አይደለም፣ መንግሥት ለዜጎቹ በእኩልነት የሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ እንቢታህን በጽሑፍ አድርገህ ስጠኝ፤ ለበላይህ አቤት እላለሁ» የሚል ሰው ነው። ያ ሰው ከሟቹ ማኅበር ባይሆን ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። እንዲህ ያለ የመቃብር ችግር በአገራችን በብዙ ትንንሽ ከተሞች የታየ ነው፤ ፈጠራ አይደለም።

ይህን የሚል ሰው ከየት ይምጣ? ሁላችንም በትምህርት ቤት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተምረናል። አሥራ አንዱን እሴቶች ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እስከ ዕውቀትን መሻት ድረስ በቃላችን እንወጣቸዋለን፤ ለፈተና ጠቅመውናል። ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ግን ማንም አልነገረንም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና እንዳይመዘገቡ በተከለከሉ ጊዜ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እነዚያ ልጆች ከመጽሐፉ ይልቅ በዚያ ዓመት ስለ ዜግነት ብዙ ሳይማሩ አልቀሩም፤ የተማሩበት ዋጋ ግን ከባድ ነው። በእኛም ግቢ ስለ ጾም ምግብና ስለ ረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት የሚነሣው ጥያቄ በየዓመቱ ከሀ ይጀመራል፤ መመሪያ ያነበበ ስለማይገኝ ብዙ የጮኸው ወገን ያሸንፋል።

ከመምህሮቻችን መካከል የምናከብራቸው አንድ ሰው «ተዋዶ በሚኖር ሕዝብ መካከል መብት፣ መብት እያሉ መዞር የተኛ ጠብ መቀስቀስ ነው» ብለውናል። ሐሳባቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደረሰ፤ በጳጉሜን ወር በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ ግድያ ተፈጸመ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ እንደ ገና በጦርነት ተያዘች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ዓመት ሳይሞላ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተነሣ። በእነዚያ ወራት ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋና ሕጉ ሲሸሽ ሬሳ ያነሣው፣ እህል የተካፈለው ጎረቤት ነው። እውነት ነው፤ ሕግ በሌለበት ልማድ ሕዝብን አቆይቷል። እኛም ልማዱ ይቅር አላልንም፤ ቅሬውም ዘወልዱም ይኑር። ነገር ግን መብቱን የጠየቀ ሰው ጠብ ጫሪ የሚባል ከሆነ መዋደዱ በማን ዝምታ ላይ እንደ ቆመ መመርመር ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው የጥቂቶቹ ዝምታ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ታላላቆቻችን በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ስም ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። እኛ ያን ያህል አንጠይቅም። በሚመጣው ክረምት መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ቤታችሁ የምትወርዱ የራያ ልጆች አንቀጽ 11ንና አንቀጽ 27ን የያዘች አንዲት ወረቀት ይዛችሁ ውረዱ። ቅሬው ተሰብስቦ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ቡናው ሳይነሣ አንብቡላቸው። ለብቻችሁ አትሂዱ፤ አንድ ሙስሊም ከአንድ ክርስቲያን ጋር ይሂድ፤ ሙስሊሙ ስለ ቤተ ክርስቲያን መብት፣ ክርስቲያኑ ስለ መስጊድ መብት ይናገር። ስብከት አታድርጉት፤ የፖለቲካ ንግግርም አታድርጉት። አንብባችሁ ስትጨርሱ «በዚህ ቀበሌ ይህ ወረቀት የሚለው የማይደርሰው ሰው አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና አድምጡ። መጀመሪያ «የለም» ይሏችኋል። ትንሽ ቈይታችሁ ሁለተኛውን ቡና ጠጡ።

የሰማችሁትን ጥያቄ የሰውና የቀበሌ ስም ሳትጠቅሱ ጽፋችሁ በመስከረም አምጡልን፤ የሕግ መምህሮቻችን በሚቀጥለው እትም እንዲመልሱ ለምነናቸዋል፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል። ወረቀቱ በማባዣ መኪናችን ተባዝቶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ስቴንስሉ ስለ ሳሳ የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ደብዛዛ ናቸው፤ ቀድማችሁ ውሰዱ። የቆቦ፣ የሮቢት፣ የጎብዬና የዞብል ልጆች ስማችሁን አስመዝግቡ። ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የምትችሉ በተለይ ትፈለጋላችሁ፤ የራያ ገበያ በአማርኛ ብቻ አይገበይም።